ኪቶ በአራት ቀን፦ ዕቅዱን ከከፍታው ጀምሩ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ኢኳዶር ለመጓዝ ለሚዘጋጁ ወገኖች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ እንዳለ የተጻፈ)

ክቡራን እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያጣችሁ እዚህ ፊት ለፊት ክፍት ቦታ አለ፤ አትፈሩ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም።

እንደውም አንድ ልጠይቅ። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ አገር ያደጋችሁ እስቲ እጅ አውጡ! አዬ፣ ሁላችሁም ናችሁ። እንግዲህ የዛሬው ንግግር በተለይ ለእናንተ ነው። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ላይ ቀድሞ የሚወድቀው «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» ያለው ሰው ነውና።

አራት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ከፍታው። ሁለተኛ ወቅቱና ሰዓቱ። ሦስተኛ የቀኖቹ ቅደም ተከተል፣ የዕቅዱ ሆድ ዕቃ እሱ ነው። አራተኛ ገንዘቡና ጥንቃቄው። ምግብም አለ፤ በመሃል ጣል አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ከፍታው። ኪቶ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,355 ገደማ። ልዩነቱ 500 ሜትር ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። ግን የምትነሱት ከአዲስ አበባ ነው? አይደለም! የምትነሱት ከዚህ፣ ከፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ነው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው አተነፋፈሱንና ደሙን እያስተካከለ ነው፤ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ያን ልማድ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ሃያ ዓመት ሜሪላንድ የኖረ ሰው ሳንባው የሜሪላንድ ነው። ልቡ እንጦጦ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባው ግን የሜሪላንድ ነው።

ኪቶ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ከምታገኙት ከሩብ በላይ ያንሳል። ከከተማዋ በላይ በገመድ መኪና ወደሚወጣበት ተራራ፣ ወደ 3,945 ሜትር ብትሄዱ ደግሞ ከሲሶ በላይ ያንሳል። እንጦጦ 3,200 ገደማ መሆኑን አስታውሱ።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የከፍታ ሕመም፣ እዚያ አገር ሶሮቼ የሚሉት፣ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምሽት ደህና ነው! ትበላላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ «ይሄ ነው እንዴ የተፈራው?» ትላላችሁ። ከዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሳችሁን ጠፍሮ ያስነሳችኋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ምግብ መጥላት፤ እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ።

ከዚሁ አካባቢ የሄዱ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዳንዶቹ እዚህ ተቀምጠው እየሳቁ ነው። ሐሙስ ማታ ገቡ፣ እራት ላይ ቢራ ጠጡ፣ ዓርብ ጧት ሰማዩ ጠራ ብለው በገመድ መኪናው ወደ ተራራው ወጡ። ከባሕር ወለል ተነስተው ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላቸው 3,945 ሜትር! አምስቱ ዓርብንም ቅዳሜንም በሆቴል አልጋ አሳለፉ። ከአራት ቀን ሁለቱ ሄደ። ተራራው ምንም አላጠፋም፤ ሰኞ ሊወጡት የሚገባውን ዓርብ መውጣታቸው ነው ጥፋቱ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አውሮፕላን ማረፊያው፣ ማሪስካል ሱክሬ የሚባለው፣ ኪቶ ውስጥ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ታባቤላ የሚባል ቦታ ነው ያለው፤ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ። ማለት አዲስ አበባን ያህል! አጠገቡ ፑዌምቦና ቱምባኮ የሚባሉ መንደሮች አሉ፤ የእንግዳ ማረፊያ ሞልቷቸዋል። ማታ የምትገቡ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ እደሩ። 450 ሜትር ዝቅ ብሎ ማደር ለሰውነት ትልቅ እፎይታ ነው፤ በጨለማ ወደ ከተማ ከመጓዝም ትድናላችሁ። ጧት ተረጋግታችሁ ትወጣላችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ተኩል መጠጥ የለም። ውኃ ቶሎ ቶሎ፣ እራት ቀለል ያለ፣ ደረጃ ላይ ቀስ። አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ወደ ከፍታው ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው የሚጀመረው፣ ሐኪም ሳያዘው ግን አይወሰድም፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ለሐኪሙ ይንገር። የልብ፣ የሳንባ ችግር ወይም እርግዝና ያላችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ራስ ምታቱ በዕረፍት ካልተሻለ፣ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ አነጋገር ከተዛባ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ ግን መጠበቅ የለም! ወደ ታች መውረድና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እዚህ መሃል የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ ሹፌሮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ለከፍታ ጥሩ ነው» ተብሎ የኮካ ቅጠል ሻይ ሊቀርብላችሁ ይችላል። አትጠጡ። ሻይ ቢሆንም በሽንት ምርመራ ኮኬይን ሆኖ ይወጣል። መሥሪያ ቤት በድንገት ጠርቶ ሲመረምራችሁ «ሻይ ነበር» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

ሁለተኛ፣ ወቅቱና ሰዓቱ። ኪቶ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች በጋና ክረምት በሙቀት አይለዩም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል። የሚለያቸው ዝናቡ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ደረቅና ነፋሻ ነው። አገር ቤት ክረምቱ ሲከብድ፣ ነሐሴ ጨለማ ሲሆን፣ ኪቶ ሰማይዋ ጥርት ይላል። ልጆቻችሁ ትምህርት የሚዘጉትም ያን ጊዜ ነው፤ ገጠመ ማለት ነው።

በዝናቡ ወራትም ቢሆን አትፍሩ። ጧቱ ብዙ ጊዜ ብሩህ ነው፤ ደመናው ከቀትር በኋላ ይሰበሰባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ከላይ ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት፤ ጣራ ያለው ነገር ሁሉ ከሰዓት በኋላ። ተራራ ጧት፣ ቤተ መዘክር ከሰዓት። ተራራ ጧት! ይህን ገልብጦ ያቀደ ሰው ደመና አይቶ ይመለሳል።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ኪቶ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ጧት 12 ሰዓት ግድም፣ የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ግድም ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይሠራል። እዚህ በክረምት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፣ በበጋ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ብርሃን ነው፤ እዚያ እንደዚህ ያለ ነገር የለም። ግን ይህ ለዕቅድ ምን ማለት ነው? ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ጨለማ ነው ማለት ነው። በሐምሌ ስለሄዳችሁ ረጅም ምሽት አለ ብላችሁ አትጠብቁ።

ፀሐይዋ ደግሞ አትናቅም። በየ1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ከአናት ነው የምትወርደው። ብርድ ስለሚል ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም። «እኛ ጥቁር ነን፣ አንቃጠልም» የምትሉ፣ አፍንጫችሁና የጆሯችሁ ጫፍ ማታ ይመልስላችኋል። ባርኔጣ፣ መነጽር፣ ቁጥሩ 50 የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ የከንፈር ቅባት። ልብስ በተደራራቢ፦ ከታች ስስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጃንጥላ ከጃኬት አይሻልም፤ ጠባብ መንገድ ላይ የሰው ዓይን ትወጉበታላችሁ። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ የአሮጌው ከተማ ድንጋይ ንጣፍ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተሉ። ሐሙስ ማታ ገብታችሁ ማክሰኞ ጧት ትመለሳላችሁ ብለን እንያዝ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፤ አራት ሙሉ ቀን። ለምን ከሐሙስ? ታዩታላችሁ።

ዓርብ አሮጌው ከተማ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፍት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ የተመዘገቡት። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች አሉበት። ኪቶም አለችበት! የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፣ እኩዮች።

ደግሞ የላሊበላን ታሪክ ታውቃላችሁ፤ ቀን ሰው ሲያንጽ ዋለ፣ ሌሊት መላእክት ቀጠሉ ይባላል። ኪቶም የሌሊት ሠራተኛ አላት፤ የእነሱ ግን መላእክት አይደሉም። ካንቱኛ የሚባል አናጺ የሳን ፍራንሲስኮን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም በቀነ ገደቡ መጨረስ አቃተው። ከሰይጣን ጋር ተዋዋለ፦ ጎሕ ሳይቀድ ሥራው ከነመጨረሻው ድንጋይ ካለቀ ነፍሱን ሊሰጥ። ሌሊቱን ሙሉ አጋንንት ድንጋይ ሲያመላልሱ አደሩ። ካንቱኛ ግን አንዲት ድንጋይ ደብቆ ነበር። ጎሕ ቀደደ፣ አንድ ድንጋይ ጎደለ፣ ነፍሱ ተረፈች። አስጎብኚዎች ዛሬም «የጎደለችውን ድንጋይ ፈልጉ» ይሏችኋል። በእኛ ቅኔ ቤት ቢሆን ስንት ሰምና ወርቅ ይወጣው ነበር! እንመለስ።

የሳን ፍራንሲስኮ ግንባታ የተጀመረው በ1530ዎቹ ነው። አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ቁጭ ብሎ ለማረፍ ይመቻል፤ ለመጀመሪያ ቀን የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄዳችሁ ላ ኮምፓኒያን ታገኛላችሁ። የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከ1605 እስከ 1765 መቶ ስድሳ ዓመት ፈጅቷል። ከውጭ ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከውስጥ ከወለል እስከ ጣራ በወርቅ ቅብ። ከፀሐይ ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ ምንም አታዩም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሩ አጠገብ ቁሙ። ቀስ በቀስ ወርቁ ከጨለማው ውስጥ ይወጣል። መግቢያ ይከፈላል። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ለጎብኚ አያስገቡም፤ እሑድን ለዚህ ያልመደብኩት ለዚያ ነው።

ቀጥሎ ፕላሳ ግራንዴ፣ ቤተ መንግሥቱና ካቴድራሉ ያሉበት አደባባይ ነው። ጉልበት ካለ የባዚሊካ ቤተ ክርስቲያን። በጎቲክ አሠራር የተሠራ ነው፤ ከጣራው ጠርዝ ወጥተው የሚታዩት ግን የአውሮፓ ጭራቆች አይደሉም፣ የኢኳዶር እንስሳት ናቸው፦ ኢጓና፣ ዔሊ፣ ጦጣ። ማማው ላይ መውጣት ይቻላል። ከጣራው ሥር በእንጨት ሳንቃ ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ሳንቃው ላይ መሃል መንገድ ደርሶ መመለስ ሲያምረው ከኋላው ሰው ተሰልፏል። አስቀድማችሁ ወስኑ። ትንፋሽ ከከበዳችሁ ለሰኞ ከሰዓት አቆዩት፤ ቀን ሞልቷል።

ፓኔሲዮ የሚባለው ኮረብታ ላይ ክንፍ ያላት የማርያም ሐውልት አለች፤ በሰባት ሺህ ገደማ የአሉሚኒየም ቁራጭ የተገጣጠመች ናት። ከአሮጌው ከተማ ቅርብ ትመስላለች፣ በእግር ያስመኛል። በእግር አትውጡ! ደረጃው ላይ ጎብኚ ይዘረፋል። በታክሲ ወጥታችሁ ታክሲውን አስጠብቁ።

ምግብ አልኩ አይደል? እዚህ ይግባ። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። እና ኪቶ ውስጥ ጿሚ አይራብም። ቾቾ የሚባል ጥራጥሬ አለ፤ ምን መሰላችሁ? የእኛ ግብጦ የአክስት ልጅ ነው! እንደ ግብጦ መራራ ስለሆነ ለቀናት በውኃ ዘፍዝፈው ነው ምሬቱን የሚያወጡት። በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሎሚ አድርገው፣ የተቆላ በቆሎ ጨምረው ይሰጧችኋል። የተቆላው በቆሎ ቶስታዶ ይባላል፤ ቆሎ ነው። ሞቴ የሚሉት የተቀቀለ በቆሎ ነው፤ ንፍሮ ነው። ማቺካ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ በሶ ነው! ገበያ ገብታችሁ ማቺካውን አሽትቱት፣ ያገር ቤት ጓዳ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ሎክሮ የሚባለው የድንች ሾርባ ግን አይብ አለበት፤ በጾም ተጠንቀቁ። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ» በሉ፤ ሥጋ፣ አይብ፣ ወተት የሌለበት ማለት ነው። «ሲን ካርኔ» ብቻ ካላችሁ ዶሮ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ካርኔ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የከብት ሥጋ ነውና። «ሲን ፖዮ» ብላችሁ ጨምሩ።

ቅዳሜ ኦታባሎ። ለምን ቅዳሜ? ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ፤ ለዚህ ነው ከሐሙስ የጀመርነው። ከኪቶ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ አውቶቡሱ ከካርሴሌን መናኸሪያ ይነሳል። ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ማለት ከኪቶ ይወርዳል! ሁለተኛ ቀን ላይ ለሰውነታችሁ የሚፈለገውም ይኸው ነው። በሽመና የታወቁ የኪችዋ ሕዝቦች አገር ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ፖንቾ። የሽሮሜዳን መንገድ የምታውቁ እናቶች ዋጋ መቀነስ አላስተምራችሁም፤ ግን ገር አድርጉት፣ እዚያ ግማሽ ዋጋ መጥራት ነውር ነው።

በመንገዱ ካያምቤ የሚባል ከተማ ታልፋላችሁ። ከላይ በበረዶ የተሸፈነ 5,790 ሜትር ተራራ፣ ከታች የጽጌረዳ ግሪንሃውስ በግሪንሃውስ። ሆለታ ወይም ሰበታ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ኢኳዶርና ኢትዮጵያ በጽጌረዳ ገበያ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚሸጡት የደጋን ፀሐይ ነው። እዚያ ቆማችሁ ብስኩትና እየተላጠ የሚበላ አይብ ብሉ። ጾም ካልሆነ።

እሑድ ሚታድ ዴል ሙንዶ፣ የዓለም ወገብ። ከኪቶ 26 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን። በ1736 የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች መጥተው መሬት በወገቧ ወጣ ያለች መሆን አለመሆኗን ለክተውበታል፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ወገብ ነው። 30 ሜትር ሐውልት ቆሟል፣ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ ሰው አንድ እግሩን ሰሜን አንድ እግሩን ደቡብ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። ችግሩ ምንድን ነው? እውነተኛው ወገብ በዛሬ መለኪያ 240 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ነው! ብትነሱ ምንም አይደለም፣ ፎቶው ያምራል። አጠገቡ ያለ ሌላ ቤተ መዘክር ደግሞ ውኃ በሰሜን በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በደቡብ በኩል ወደ ሌላ እየዞረ ሲፈስ ያሳያችኋል። ብልሃቱ ከአፈሳሱ ነው። የመሬት መዞር የሚያሽከረክረው አውሎ ነፋስን ነው እንጂ የእጅ መታጠቢያን አይደለም። ልጆች ከያዛችሁ ሰውየው ውኃውን ከየት በኩል እንደሚያፈስ እንዲያዩ ንገሯቸው።

ከሐውልቱ ይልቅ እኔ የማደላው ለፑሉላዋ ነው። ጥቂት ደቂቃ አልፎ ያለ ያንቀላፋ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ውስጡ ሰው ይኖራል፣ በቆሎ ይታረሳል። ከጠርዙ ቆማችሁ ከሥር የተከፋፈለውን ማሳ ታያላችሁ። ግን እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ከቀትር በኋላ ጉሙ እንደ ወተት ሞልቶ ይገነፍላል፣ ምንም አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ፑሉላዋ፣ ከዚያ ሐውልቱ። አስጎብኚዎች የሚወስዱት ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት አስለውጡ።

ሰኞ ተራራው። ብዙ ቤተ መዘክሮች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ተራራ ግን ሰኞ አይዘጋም። ሰውነታችሁም አራት ሌሊት አድሯል። ቴሌፌሪኮ የሚባለው የገመድ መኪና ከ3,117 ሜትር ተነስቶ በሃያ ደቂቃ ገደማ 3,945 ላይ ያወጣችኋል። ጧት እንደተከፈተ ድረሱ። ከላይ ሆናችሁ ኪቶን ስታዩ ከተማዋ ለምን ቀጭን እንደሆነች ይገባችኋል፤ በፒቺንቻ ተራራና በምሥራቁ ሸለቆ መሃል ተጣብቃ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ብቻ ተዘርግታለች። ቀኑ ከጠራ ኮቶፓክሲ 5,897 ሜትሩን ይዞ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጣቢያው በላይ ወደ ሩኩ ፒቺንቻ ጫፍ፣ 4,696 ሜትር፣ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ይበቃል። መብረቅና ጉም ድንገት ነው የሚመጣው፤ ብቻውን የሚሄድ ሰውም ተዘርፏል።

ኮቶፓክሲስ? እሱን ለምን አላስገባኸውም የምትሉኝ አላችሁ። የተራራው መጠለያ 4,864 ሜትር ላይ ነው። ከራስ ደጀን ጫፍ በላይ ማለት እኮ ነው! መኪና ማቆሚያው ራሱ 4,600 ገደማ ነው። በአራት ቀን ጉዞ ውስጥ ይህን መክተት ይቻላል፣ ይሸጡላችኋልም። እኔ አልመክርም። ስድስት ቀን ካላችሁ፣ እሺ።

አራተኛ፣ ገንዘብና ጥንቃቄ። ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የምትጠቀመው የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ምንዛሬ የለም። ግን 50 እና 100 ዶላር ማንም አይቀበላችሁም፤ ባለሱቁ ሐሰተኛ ይሆናል ብሎ ይፈራል፣ መልስም የለውም። አንድ ሴትዮ መቶ ዶላር ይዘው ሦስት ሱቅ ዞረው አንድ ጠርሙስ ውኃ መግዛት አቅቷቸዋል። ከዚህ ስትነሱ ባንክ ገብታችሁ 1፣ 5፣ 10 አስዘርዝሩ። ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ 15 በመቶ ግብርና ብዙ ቦታ 10 በመቶ አገልግሎት መኖሩን እወቁ፤ የተጻፈው ዋጋ ያካትት እንደሆነ ጠይቁ።

ማረፊያ በሰሜን በኩል፣ ላ ካሮሊና መናፈሻ አካባቢ ወይም ላ ፍሎሬስታ ያዙ። አሮጌው ከተማ ማደር ያምራል፣ ግን ሲመሽ መንገዱ ጭር ይላል። ከላ ካሮሊና በሜትሮ አምስት ፌርማታ ሄዳችሁ ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ላይ ትወጣላችሁ። ሜትሮው የተከፈተው በታኅሣሥ 2023 ነው፤ 22 ኪሎ ሜትር፣ 15 ጣቢያ፣ ዋጋው 45 ሳንቲም። ንጹሕ ነው። በላይ የሚሄደው የትሮሊ አውቶቡስ ግን የኪስ አውላቂ ገበያ ነው፤ ቦርሳ ከፊት፣ ስልክ ከእጅ ውጪ። ታክሲ በመተግበሪያ ጥሩ፤ ከመንገድ ላይ፣ በተለይ ማታ፣ አታስቁሙ። ሰውን አሳፍሮ ከባንክ ማሽን ወደ ባንክ ማሽን እያዞሩ ማስወጣት የታወቀ ወንጀል ነው። መኪና አትከራዩ፤ በታርጋ ቁጥር የሚከለከሉበት ቀንና ሰዓት አለ።

አልደብቃችሁም፤ ከጥር 2024 ጀምሮ የኢኳዶር መንግሥት ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር ጦርነት ላይ ነኝ ብሏል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በተደጋጋሚ ያወጣል። የከፋው በባሕር ዳርቻው በኩል ነው፤ ኪቶ የተሻለች ናት። ቢሆንም ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት የውጭ ጉዳይ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። ደግሞ በ2019 እና በ2022 እንደሆነው አድማ ከተጠራ መጀመሪያ የሚዘጋው የገጠሩ መንገድ ነው፤ ኦታባሎ ሄዳችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ጧት ሆቴሉን «መንገዱ ክፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ውጡ።

ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ፣ ይቅርታ፦ ፓስፖርት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለጉብኝት 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ በግሪን ካርድ የምትኖሩ ግን ቲኬት አትቁረጡ! ኢኳዶር ከ2010 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንን ቪዛ ትጠይቃለች፤ የእናንተ መኖሪያ ፈቃድ ምን እንደሚፈቅድ ከቆንስላዋ በጽሑፍ አግኙ። ከአገር ቤት እናቱን ወይም ወንድሙን እዚያ ሊያገናኝ ያሰበ ካለ፣ በአሜሪካ በኩል ለማለፍ ብቻ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ እንደሚያስፈልግ አይርሳ፤ የቢጫ ወባ ካርዱንም ያስይዛቸው።

መመለሻው ላይ ከሰሜን ኪቶ እስከ አየር ማረፊያው ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ያዙ፤ በሥራ መውጫ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል። ኪሳችሁ ውስጥ የኢኳዶር ሳንቲም ይቀራል፤ መጠኑ ከአሜሪካው ጋር አንድ ነው፣ እዚህ ግን ማንም አይቀበለውም፤ እዚያው ጨርሱት። ወርቅ የመሰለው የአንድ ዶላር ሳንቲም ግን የአሜሪካ ነው፤ እዚህ ማንም አይጠቀምበትም፣ እዚያ ግን ቀን በቀን የሚሠራበት እሱ ነው። እሱን ይዛችሁ ኑ።

ቡናው ቀርቧል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። ጥያቄ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የግሪን ካርዶቹ።